አል ስሚዝ፦ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰው የኒው ዮርክ አገረ ገዥ

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ የምርጫ ሰሞን ሁለቱ የፕሬዚዳንት እጩዎች ‹የአል ስሚዝ እራት› በሚባል ግብዣ ላይ አብረው ተቀምጠው አያለሁ። ሰውየው የኒው ዮርክ አገረ ገዥ እንደነበር አነበብኩ። ስምንተኛ ክፍልን እንኳን አልጨረሰም ይባላል። ታዲያ እንዴት አራት ጊዜ ተመረጠ? ፕሬዚዳንትነቱን ያጣው በካቶሊክነቱ ብቻ ነው? ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋርስ ለምን ተጣላ? ለኬኔዲ መንገዱን የጠረገለት እሱ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ሁሉንም ጥያቄዎች እመልሳለሁ፤ እኩል ቦታ ግን አልሰጣቸውም። ስለ ስሚዝ የሚያወሩ ሰዎች ቶሎ ብለው ወደ 1928ቱ ሽንፈት ይሄዳሉ። እኔ የአሜሪካ ግዛቶችን የአስተዳደር ታሪክ ሳስተምር ብዙ ሰዓት የምሰጠው ለአልባኒ ዘመኑ ነው። አልባኒ የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሰውየው ትልቅ ሥራ የሠራው እዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እራቱን ባጭሩ ልጨርሰው። ስሚዝ በ1944 ሞተ። የኒው ዮርክ ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ፍራንሲስ ስፔልማን በስሙ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። እራቱ ከ1945 ጀምሮ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ይዘጋጃል። በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን አብረው ከተገኙ በኋላ ግብዣው እጩዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚቀላለዱበት መድረክ ሆነ።

አሁን ወደ ሰውየው።

አልፍሬድ ኢማኑኤል ስሚዝ በዲሴምበር 30 ቀን 1873 በማንሃተን ታችኛው ምሥራቅ ክፍል፣ ወንዙ ዳር ባለው ሳውዝ ስትሪት ተወለደ። ሰፈሩ የስደተኛ ሰፈር ነበር። በእናቱ በኩል አይሪሽ ነው። በአባቱ በኩል የጣሊያንና የጀርመን ደም አለበት። የብሩክሊን ድልድይ የተሠራው ከቤታቸው አጠገብ ነበር። ልጁ ድልድዩ ሲቆም እያየ አደገ።

አባቱ በፈረስ ጋሪ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ነበር። አል ገና 13 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቱን አቋርጦ ሥራ ገባ። ስለዚህ ያነበቡት እውነት ነው። ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰም። በኋላ በፉልተን ዓሣ ገበያ ተቀጠረ። ሥራው ሌሊት የሚጀምር ነው፤ ደሞዙም በሳምንት 12 ዶላር ነበር። ከደሞዙ ሌላ ዓሣ እንደልቡ ወደ ቤት ይወስድ ነበር።

ስለዚህ ዘመን ከራሱ አንደበት የተነገረች አንዲት ታሪክ አለች። ዓመታት አልፈው የምክር ቤት አባል ሆኗል። አንድ ቀን በስብሰባ መሃል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በጀልባ ውድድር አሸነፈ የሚል ወሬ መጣ። አባላቱ ክርክሩን ትተው እኔ የዬል ነኝ፣ እኔ የሃርቫርድ ነኝ መባባል ያዙ። ስሚዝ ተራው ሲደርስ «እኔ የኤፍ ኤፍ ኤም ነኝ» አለ። ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት «ፉልተን ፊሽ ማርኬት» ብሎ መለሰ። ተሳቀ። ግን ሰውየው ያፈረበት ነገር አልነበረም። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ነው የኖረው።

ፖለቲካ ውስጥ የገባው በሰፈር በኩል ነው። በዚያ ዘመን የኒው ዮርክ ከተማን የዴሞክራት ፓርቲ ታማኒ ሆል የሚባለው ድርጅት ይዞት ነበር። ታማኒ በሙስና የታወቀ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በሌላ በኩል ግን ለድሃው ስደተኛ ሥራ የሚያገኝለት፣ በክረምት ከሰል የሚሰጠው፣ ሲታሰር ዋስ የሚሆነው ይኸው ድርጅት ነበር። መንግሥት ያኔ እንዲህ ያለውን ነገር አይሠራም። የሰፈሩ የታማኒ ሰው ቶም ፎሊ የሚባል መጠጥ ቤት ያለው ፖለቲከኛ ነበር። ወጣቱ ስሚዝ በቤተ ክርስቲያኑ ድራማ ላይ የሚተውን፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነበር። ፎሊ ዓይኑን ጣለበት። በ1895 የፍርድ ቤት መጥሪያ የማድረስ ሥራ አገኘ። በ1903 ደግሞ የግዛቲቱ የታችኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

«እንዴት ተመረጠ» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ያለው ከዚህ በኋላ በመጡት ዓመታት ውስጥ ነው።

አልባኒ ሲደርስ የሚቀርቡትን ረቂቅ ህጎች አልተረዳቸውም። ቋንቋቸው የጠበቃ ቋንቋ ነው። እሱ ደግሞ መጽሐፍ የማንበብ ልምድ እንኳን አልነበረውም። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ድርጅቱ ድምፅ ስጥ ሲለው ይሰጣል። ሥራውን ሊተወው አስቦ እንደነበር ይታወቃል። ግን አልተወውም። ማታ ሌላው ሲዝናና እሱ ማረፊያ ክፍሉ ገብቶ ረቂቆቹን ማንበብ ጀመረ። አንድ ህግ ሌላውን የሚጠቅስ ከሆነ ያንንም ፈልጎ ያነባል። ማንም የማይነካውን የበጀት ዝርዝር ሳይቀር መስመር በመስመር ያየዋል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሲታይ የግዛቲቱ ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ይህን የምለው ስላደነቅኩት ብቻ አይደለም። በ1915 ኒው ዮርክ ህገ መንግሥቷን ለማሻሻል ጉባኤ ጠራች። ሰብሳቢው ኤሊሁ ሩት ነበር። ሩት የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት አሸናፊና ሪፐብሊካን ነው። ያ ሰው ከተሰበሰቡት ሁሉ ስለ ግዛቲቱ ሥራ አብልጦ የሚያውቀው ስሚዝ መሆኑን መሰከረ። አዳራሹ በታወቁ ጠበቆች የተሞላ ነበር። ስለዚህ «ትምህርት የለውም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የትምህርት ቤት ወረቀት አልነበረውም። ትምህርቱን ግን በ12 የምክር ቤት ዓመታት ውስጥ ከማንም በላይ ተምሮታል። በ1911 የብዙኃኑ መሪ፣ በ1913 አፈ ጉባኤ ሆነ።

እውቀት ብቻውን ግን የታማኒ ታዛዥ ከመሆን አያወጣም። ስሚዝን የለወጠው እሳት ነው።

ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። በማንሃተን አሽ ህንፃ ላይኛዎቹ ሦስት ፎቆች ላይ ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ነበር። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ሴቶች ናቸው። ሥራ ሊያበቃ ሲል እሳት ተነሳ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መሰላሉ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ቀረ። ብዙዎቹ ከመስኮት ዘለሉ። 146 ሰው ሞተ። የፋብሪካው ባለቤቶች ክስ ተመሥርቶባቸው በዚያው ዓመት በነፃ ተለቀቁ።

ከሟቾቹ ብዙዎቹ የስሚዝ ሰፈር ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። ወደየቤታቸው ሄዶ ቤተሰቦቻቸውን አፅናና። ከዚያ ምክር ቤቱ የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሊቀመንበሩ ሴናተር ሮበርት ዋግነር፣ ምክትሉ ስሚዝ ሆኑ። ከጎናቸው ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነበረች። ፐርኪንስ እሳቱን በዓይኗ አይታዋለች። በዚያች ሰዓት እዚያው አካባቢ ሻይ እየጠጣች ነበርና ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ደርሳ ነበር።

ፐርኪንስ እነዚህን ሁለት ፖለቲከኞች ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አላስቀመጠቻቸውም። እየጎተተች ፋብሪካ ለፋብሪካ አዞረቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ ገመድ ሲገምዱ አድረው ጠዋት የሚወጡ ሴቶችን አሳየቻቸው። ምግብ በቆርቆሮ በሚታሸግባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች በሌሊት ሲሠሩ አዩ። ዋግነርን በአንዲት ጠባብ መስኮት በደረቱ እየተሳበ እንዲወጣ አደረገችው። የእሳት ማምለጫ ተብሎ በህግ የተመዘገበው ያ መስኮት ነበር። ስሚዝ የነገሩትን ብቻ ሳይሆን ያየውን ይዞ አልባኒ ተመለሰ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ህጎች ወጡ። የእሳት ማምለጫ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር፣ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ፣ የፋብሪካ ቁጥጥር፣ የሴቶችና የልጆች የሥራ ሰዓት ገደብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት። የምግብ አሻጊዎቹ ከዕረፍት ቀኑ ህግ ነፃ እንሁን ብለው ተሟገቱ። ስሚዝ ተነስቶ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። «የሰንበትን ቀን ትቀድሰው ዘንድ አስብ የሚለውን ትእዛዝ ደጋግሜ አነበብኩት። ከምግብ ፋብሪካዎች በስተቀር የሚል ግን አላገኘሁበትም» አለ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ፐርኪንስ በኋላ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ናት። በ1930ዎቹ የመጣው የሩዝቬልት «ኒው ዲል» (ኢኮኖሚውን ለማንሳትና ሠራተኛውን ለመደገፍ የወጡት ህጎችና ፕሮግራሞች) የተወለደው ትራያንግል በተቃጠለበት ቀን ነው ትል ነበር። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የጡረታ፣ የሥራ አጥ ድጎማና የሥራ ሰዓት ህግን በአገር ደረጃ ያዩ ሰዎች መነሻውን ዋሽንግተን ውስጥ ይፈልጉታል። ሙከራው የተጀመረው አልባኒ ውስጥ ነው።

በ1918 ስሚዝ ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። በሥልጣን ላይ የነበረውን ሪፐብሊካን ቻርልስ ዊትማንን 15,000 በሚጠጋ ድምፅ ብቻ አሸነፈ። ያኔ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ዘመን ሁለት ዓመት ነበር። ስለዚህ አራት ጊዜ ተመረጠ ሲባል ስምንት ዓመት ማለት ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሸንፏል።

ሽንፈቱም ራሱ ብዙ ይናገራል። 1920 ለዴሞክራቶች ክፉ ዓመት ነበር። የፓርቲው የፕሬዚዳንት እጩ ጄምስ ኮክስ በኒው ዮርክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆነ ልዩነት ተሸነፈ። ስሚዝ በዚያው ቀን፣ በዚያው ግዛት የተሸነፈው ከ75,000 ባነሰ ልዩነት ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሪፐብሊካኖች መርጠውታል ማለት ነው። ሁለት ዓመት በዕቃ ማመላለሻ ኩባንያ ውስጥ ሠርቶ በ1922 ተመለሰና ከ380,000 በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፈ። በ1924 የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ልጅ ቴዎዶር ሩዝቬልት ጁኒየርን፣ በ1926 ኦግደን ሚልስን አሸነፈ።

ምን ሠራ? ከሁሉ የሚበልጠው ብዙ ሰው የማያወራው ነው። የግዛቲቱ መንግሥት ከ180 በላይ በሆኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ቦርዶችና ኮሚሽኖች ተበጣጥሶ ነበር። አብዛኞቹ ለአገረ ገዥው አይታዘዙም። እያንዳንዱ በጀቱን በራሱ ደጅ ጥናት ከምክር ቤቱ ያገኛል። ማን ምን እንዳጠፋ ተጠያቂውን ማግኘት አይቻልም። ስሚዝ ይህን ሁሉ 20 በማይሞሉ መምሪያዎች ሰበሰበው። በጀቱም በአገረ ገዥው ተዘጋጅቶ አንድ ላይ እንዲቀርብ አደረገ። ለዚህ ህገ መንግሥት ማሻሻል ያስፈልግ ነበር። ምክር ቤቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነው። እሱ ግን በሬዲዮና በአደባባይ ለህዝቡ ቁጥሩን በተራ ቋንቋ አስረዳ። የለውጡን ዝርዝር የሚያወጣውን ኮሚሽን ደግሞ ታላቁ ሪፐብሊካን ቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ እንዲመራው አደረገ። ተቃዋሚዎቹ የራሳቸውን ሰው መቃወም አቃታቸው። ብልህነቱ ይህን ይመስል ነበር።

አብረውት የሠሩትንም ማንሳት ይገባል። ቤል ሞስኮዊትዝ የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የቅርብ አማካሪው ነበረች። ስብሰባ ሲደረግ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ውሳኔ ላይ ሲደርስ ስሚዝ ዞር ብሎ ምን ይመስልሻል ይላታል። የዚያ ዘመን ፖለቲካ የወንዶች ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው ይህ። ሮበርት ሞዝስንም ወደ ሥልጣን ያመጣው እሱ ነው። ሞዝስ በኋላ ኒው ዮርክን በአውራ ጎዳናና በድልድይ የቀየረ፣ ብዙ ድሃ ሰፈር ያፈረሰ፣ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሰው ነው። በስሚዝ ዘመን ግን ዋና ሥራው መናፈሻ ነበር። የሎንግ አይላንድ ባለጠጎች የከተማው ተራ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻችን አይምጣብን ብለው ተሟግተው ነበር። አንዱ ስለ «መናኛው ህዝብ» ሲያወራ ስሚዝ «መናኛው ህዝብማ እኔ ነኝ» ብሎ ወረቀቱን ፈረመ ይባላል። ጆንስ ቢች በ1929 ለህዝብ ተከፈተ።

ኪራይ የሚገድቡ ህጎችን ፈርሟል። ለመምህራንና ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ገንዘብ በብዙ እጥፍ አሳድጓል። በ1920 ምክር ቤቱ አምስት ሶሻሊስት አባላቱን በአመለካከታቸው ብቻ ሲያባርር በግልፅ ተቃወመ። እሱ ሶሻሊስት አልነበረም። «ህዝብ የመረጣቸውን እናንተ ማባረር አትችሉም» ነበር ሙግቱ። ጥቁሮችን፣ ካቶሊኮችንና አይሁዶችን የሚጠላው የነጮች ምስጢራዊ ድርጅት ኩ ክላክስ ክላን የአባላቱን ስም እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ህግም በ1923 ፈርሟል። በጊዜው ይህ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ 1928።

በ1924ም ሞክሮ ነበር። የዴሞክራቶች ጉባኤ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ 103 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ በመጨረሻ ስሚዝንም ተቀናቃኙን ማካዱንም ትቶ ጆን ዴቪስን መረጠ። ክላንን በስም እናውግዝ የሚለው ሐሳብ በዚያ ጉባኤ ላይ ለጥቂት ወድቋል። ፓርቲው ምን ያህል ተከፍሎ እንደነበር ከዚህ ይረዱታል። በ1928 ሂዩስተን ላይ ግን እጩነቱን አገኘ። ከትልልቆቹ ፓርቲዎች የተመረጠ የመጀመሪያው ካቶሊክ የፕሬዚዳንት እጩ ሆነ።

የሃይማኖት ጥላቻው እውነት ነው፣ ከባድም ነበር። ስሚዝ ካሸነፈ ጳጳሱ ዋይት ሃውስ ይገባሉ ተባለ። ኒው ዮርክን ከኒው ጀርሲ የሚያገናኘው፣ በ1927 የተከፈተው የሆላንድ መተላለፊያ ዋሻ እስከ ቫቲካን ይደርሳል ተብሎ ተወራ። የዘመቻ ባቡሩ ኦክላሆማ ሲደርስ የክላን ማስፈራሪያ የሆነው መስቀል በሜዳ ላይ ተቃጥሎ ጠበቀው። በማግስቱ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ፊት ለፊት ስለዚሁ ጥላቻ ተናገረ። ከዚያ በፊት በ1927 ቻርልስ ማርሻል የሚባል ጠበቃ በመጽሔት ላይ ግልፅ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ጥያቄው ካቶሊክ ሰው ለቤተ ክርስቲያኑና ለአሜሪካ ህገ መንግሥት አንድ ላይ መታመን ይችላል ወይ የሚል ነው። ስሚዝ በቄስ ፍራንሲስ ደፊ እርዳታ መለሰ። በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መለያየት እንደሚያምን፣ በአገልግሎት ዘመኑ በእምነቱና በሥራው መካከል ግጭት አጋጥሞት እንደማያውቅ ጻፈ። ጥሩ መልስ ነበር። የሚሰማው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

«በካቶሊክነቱ ብቻ ነው?» ላሉት ግን መልሴ አይደለም ነው። በዚያ ዓመት ማንም ዴሞክራት ያሸንፍ ነበር ብዬ አላምንም። ኢኮኖሚው ጥሩ ነበር፤ ሥልጣኑ ላይ ያሉት ሪፐብሊካኖች ናቸው። ኸርበርት ሁቨር ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ የተራበችውን ቤልጂየም ያበላ፣ በ1927 የሚሲሲፒ ጎርፍ የእርዳታ ሥራውን የመራ የተከበረ ሰው ነበር። በተጨማሪ ስሚዝ ያኔ በመላ አገሪቱ የነበረውን የአልኮል መጠጥ ክልከላ በግልፅ ይቃወማል። በ1923 የግዛቲቱን የክልከላ ማስፈጸሚያ ህግ የሚሽረውን ውሳኔ ፈርሟል። በገጠርና በደቡብ ይህ ይቅር የማይባል ነገር ነበር። አነጋገሩ፣ ቡናማ ባርኔጣው፣ ሲጋራው፣ የታማኒ ስሙ ሁሉ ለብዙ አሜሪካዊ ባዕድ ሆነበት። ሃይማኖቱ፣ መጠጡ፣ የስደተኛ ዘርነቱና ከተማው በሰው አእምሮ ውስጥ አንድ ላይ ተያይዘው ነበር። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመዘን ከባድ ነው።

የራሱም ጥፋት አለበት። ስለ እርሻ ችግርና ስለ ደቡቡ ብዙም አያውቅም፤ ለማወቅም በጊዜው አልተነሳም። ጥቁር አሜሪካውያንን በተመለከተ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። በኋላ የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪ የሆነው ዋልተር ዋይት ለእነሱም ፕሬዚዳንት እንደሚሆን የሚያረጋግጥ መግለጫ እንዲያወጣ ረቂቅ አዘጋጅቶለት ነበር። ስሚዝ አላወጣውም። የደቡብ ነጮችን ድምፅ እንዳያጣ ፈራ። ያም ሆኖ በደቡቡ ብዙ ግዛቶችን አጣ። ክላንን በኒው ዮርክ የተጋፈጠ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለቱን ሳስብ ቅር ይለኛል።

ውጤቱ ከባድ ነበር። ሁቨር 444 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ሲያገኝ ስሚዝ 87 አገኘ። ያሸነፈው ስምንት ግዛት ብቻ ነው። አራት ጊዜ የመረጠችው ኒው ዮርክ ሳትቀር 100,000 በሚሆን ልዩነት ከዳችው። በዚያው ቀን እሱ ራሱ እንዲወዳደር ለምኖ ያመጣው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ25,000 ድምፅ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሆነ።

ጥሉ የተጀመረውም እዚህ ላይ ነው። በ1924 ጉባኤ ላይ ስሚዝን «ደስተኛው ተዋጊ» ብሎ ለእጩነት ያቀረበው ሩዝቬልት ነበር። ስሚዝ ይወደው ነበር፤ ግን አቅሙን አሳንሶ አይቶታል። ፖሊዮ እግሩን የያዘው የባለጠጋ ልጅ እኔን እያማከረ ይሠራል ብሎ ነበር። ሞስኮዊትዝንና ሞዝስን አብረውህ ይሥሩ ብሎ ሰጠው። ሩዝቬልት ሁለቱንም አልተቀበለም። እነሱ በቦታቸው ከቆዩ እውነተኛው አገረ ገዥ ስሚዝ እንደሚሆን ገብቶታል። በፖለቲካ ሒሳብ ሩዝቬልት ትክክል ነበር። በሰውነት ሒሳብ ግን ስሚዝ ቆሰለ። ቀኑ እየሄደ ሲሄድ ማንም ምክር የሚጠይቀው አጣ። በ1932 ለእጩነት እንደገና ቢሞክርም ሩዝቬልት አሸነፈው። ያ ዓመት ሁቨር ተወዳጅነቱን ያጣበትና ዴሞክራት ማሸነፉ የማይቀርበት ነበር። ምሬቱ ይገባኛል።

በመሃል ኑሮው ተቀይሯል። ባለሀብቱ ጆን ራስኮብ የ1928 ዘመቻውን የመራ ወዳጁ ነበር። ኢምፓየር ስቴት ህንፃን የሚያሠራው ኩባንያ ፕሬዚዳንት አደረገው። ባለ 102 ፎቁ ህንፃ በሜይ 1 ቀን 1931 ተመረቀ። ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውስ ነበርና ለዓመታት ተከራይ አጥቶ ብዙው ክፍሉ ባዶ ነበር። ስሚዝ መኖሪያውን አምስተኛ ጎዳና ላይ አደረገ። ወዳጆቹ ሀብታሞች ሆኑ። ሞዝስ የሴንትራል ፓርክን መካነ አራዊት ቁልፍ ሰጥቶት ማታ ማታ እየሄደ እንስሳቱን ያይ ነበር።

በ1934 ከነዚሁ ባለጠጎች ጋር የአሜሪካ የነፃነት ማኅበር የሚባለውን የኒው ዲል ተቃዋሚ ቡድን ተቀላቀለ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1936 ዋሽንግተን ሜይፍላወር ሆቴል ውስጥ፣ በ2,000 ሰው ግብዣ ላይ ቆሞ የሩዝቬልትን መንግሥት ከሶሻሊስቶች ጋር አመሳሰለው። ዋና ከተማችን ወይ ዋሽንግተን ነው ወይ ሞስኮ አለ። በዚያ ዓመት ሪፐብሊካኑን ላንደንን ደገፈ። ላንደን ያሸነፈው ሜይንና ቨርሞንትን ብቻ ነው። በ1940ም ሪፐብሊካኑን ዊልኪን ደገፈ።

እንደዚህ ያደረገው በቅናት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። ቁስሉ አለ፤ አይካድም። ግን የቆየ እምነትም ነበረው። ስሚዝ ሁሉንም የሠራው በግዛት ደረጃ ነው። ሥልጣን ዋሽንግተን ላይ ሲከማች ከ1920ዎቹም ጀምሮ አይወድም ነበር። የመጠጥ ክልከላውንም የጠላው በከፊል ለዚህ ነው። ችግሩ በ1933 ባንኮች ሲዘጉና ሩብ የሚሆነው ሠራተኛ ሥራ ሲፈታ ግዛቶች ብቻቸውን መቋቋም አለመቻላቸው ነው። ይህን ማየት የነበረበት እሱ ነበር፤ አላየም። የገዛ ሥራው ልጅ የሆነውን ህግ አወገዘ። ፐርኪንስ ሚኒስትር ሆና የማኅበራዊ ዋስትናን ህግ ስታወጣ መሠረቱን የጣለው የቀድሞ አለቃዋ ስሚዝ በተቃራኒው ቆሞ ነበር።

በሌላ ጉዳይ ግን ቀድሞ አይቷል። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ወር፣ በማርች 1933 ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የሚፈፅሙትን ለማውገዝ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተጠራው ሰልፍ ላይ ተናግሯል። ጦርነቱ ሲመጣም የሩዝቬልትን የውጭ ፖሊሲ ደገፈ፤ ቅሬታውም በረደ። ባለቤቱ ኬቲ በሜይ 1944 ሞተች። እሱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ተከተላት። 70 ዓመቱ ነበር።

የቀረው የኬኔዲ ጥያቄ ነው። መንገድ ጠረገ የሚለው እውነት ነው፤ ሰው በሚያስበው መልኩ ግን አይደለም። ስሚዝ ጥላቻውን አላጠፋውም። ያደረገው መራጩን ማንቀሳቀስ ነው። ከዚያ በፊት በብዛት የማይመርጡ የካቶሊክና የአይሁድ ስደተኛ ቤተሰቦች፣ በተለይ ሴቶቻቸው፣ በ1928 ወጥተው መረጡ። 15 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ፤ ያለፈው ምርጫ ዴሞክራት እጩ ካገኘው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ወደ ዴሞክራቶች ዞሩ። ትልልቆቹ ከተሞች በድምር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ አዘነበሉ። ሩዝቬልት አራት ጊዜ ያሸነፈው በዚህ የከተማ ድምፅ ላይ ቆሞ ነው። ኬኔዲም በ1960 ማሳቹሴትስን፣ ኒው ዮርክንና ኢሊኖይን ያገኘው በዚሁ ነው።

ኬኔዲ ከስሚዝ ሌላም ነገር የተማረ ይመስለኛል። ስሚዝ ስለ እምነቱ በአደባባይ ረጅም ንግግር ያደረገው ምርጫው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ተናዶና ተከላካይ ሆኖ ነው። ኬኔዲ በሴፕቴምበር 12 ቀን 1960 ሂዩስተን ውስጥ ወደተሰበሰቡት የፕሮቴስታንት ቄሶች ራሱ ሄደ። ጥያቄያቸውን ረጋ ብሎ መለሰ። ንግግሩ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ከዚያም በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ኬኔዲ ድህነትን አያውቅም፤ አባቱ ሚሊየነር ነው፤ እሱም ሃርቫርድ ተምሯል። ስለዚህ በ1960 የተሰበረው የሃይማኖቱ ግድግዳ ነው። በ1928 ስሚዝን ካቆሙት ነገሮች ሌሎቹ፣ አነጋገሩ፣ ሰፈሩና ያልጨረሰው ትምህርት ቤት፣ በኬኔዲ ምርጫ አልተፈተኑም።